ወንድሟ የማያውቀው ፊርማ

ኤውላሊያ ሶንቆ ፊርማዋን ያገኘችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊርማ እንደ ስም አባት የሚሰጠው ነገር መሰላችሁ? ቁጭ ብሎ ወረቀት እያበላሹ፣ «ይሄ አይረባም፣ ይሄኛው ይሻላል» እያሉ ነው የሚገኘው። እሷም በተራራ መንደሯ በቺልካፓምፓ፣ በጎልማሶች ትምህርት ክፍል፣ ለልጆች በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ፣ የዝናቡን ወራት በሙሉ ደከመችበት። በመጨረሻ የወጣላት ፊርማ የሚያኮራ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ሆዱን ነፍቶ ይቆማል፤ የመጨረሻው ፊደል ጅራት ወደ ኋላ ተመልሶ ስሟን በሙሉ ከሥር ያሰምርበታል። አስተማሪዋ «ማማ ኤውላሊያ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ቅጽ ላይ ካለው ሳጥን ይወጣል» ብትላት፣ «እንግዲያው ሳጥኑን ያስፉት» አለቻት።

መኩራቷ አይፈረድባትም። አባቷ ሁለት ልጆች ነበሩት፣ አቅሙ ግን ከአንድ ልጅ ደብተር አያልፍም። ተማሪው ታናሿ ዊልበር ሆነ፤ ወንድ ነዋ። እሷ በሰኔ፣ በዚያ አገር የውርጭ ወር፣ ውርጭ የመታውን ድንች እየረገጠች ስታደርቅ፣ ያ ደረቅ ድንች እሁድ ገበያ ወጥቶ ለዊልበር እርሳስ ይሆናል። ወንድሟን ትወደው ነበር፤ አልቆጨኝም ብትል ግን ዓይኗን በጨው አጥባ መሆን አለበት። ዊልበር በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሊማ ገባና እዚያው ባጃጅ ነጂ ሆኖ ቀረ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እናታቸው ስትቀበር ነው። ያን ጊዜ በመሬቱ ወረቀት ላይ ኤውላሊያ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፤ እሱ በመሐረቡ ጠረገላት። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ፣ በድምፅ ብቻ ነው። ፊደል መቁጠሯንም አልነገረችውም፤ አንድ ቀን መጥቶ በዓይኑ አይቶ ይደነቅ ብላ አቆየችው። ያ ማቆየት ነው በኋላ ጉድ ያፈላው።

አገሪቱ መሪዋን በምትመርጥበት ዓመት ለቺልካፓምፓ የራሷ የድምፅ መስጫ ጠረጴዛ፣ ማለትም ምርጫ ጣቢያ፣ ተፈቀደላት። ከዚያ በፊት ሰዉ አራት ሰዓት በእግሩ ወደ ወረዳው ከተማ ይወርድ ነበር፤ ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌዎችማ ከናካቴው ይቀሩ ነበር። ዕጣ ሲወጣ የጠረጴዛው ሰብሳቢነት ለኤውላሊያ ደረሳት። ደብዳቤውን ራሷ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው ስላልነበረ ለአህያዋ ጮክ ብላ አነበበችላት።

የሚፎካከሩት ሁለት ነበሩ፤ የአንዱ ምልክት መሰላል፣ የሌላው ደወል። የመሰላሉ ሰውዬ ቺልካፓምፓ ድረስ ወጥቶ፣ ከሰዉ ጋር ንፍሮ በቆሎ በልቶ፣ ጨፍሮ ወርዷል። የመንደሩ ጉባኤም በአንድ ቃል ለመሰላል ወሰነ፤ ያፈነገጠ ሦስት ቀን የመስኖ ቦይ ይጠርጋል ተባለ። ኤውላሊያም እጇን አወጣች፣ ምን ታድርግ። ሆዷ ግን አልተቀበለውም። ሰውዬው በጭፈራው መሃል «ሕዝቡ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ያልቆመ ሕዝብ አይደለም» ሲል በጆሮዋ ሰምታዋለች። እሷ ማንበብ ስለማትችል ብቻ አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው ሳትቆጠር የኖረች ሴት ናት፤ «እነ እገሌ አይቆጠሩም» የሚል ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። የደወሉንም ሰው ያን ያህል ወዳው አይደለም፣ እሱ ቢያንስ እንዲህ አላለም። በምርጫው ቀን መጋረጃው ውስጥ ገብታ ደወሉ ላይ ምልክት አደረገች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከምርጫው በፊት ደግሞ አንድ ወሬ ገበያውን ሞልቶት ነበር፤ መንግሥት የሚያድለው እስክሪብቶ ቀለሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል የሚል። ማን አየ? ማንም። ሁሉም ግን አመነ። በዕለቱ የመጣው መራጭ በሙሉ የየራሱን እስክሪብቶ ባርኔጣው ላይ ሰክቶ ነው የመጣው። ኤውላሊያም እንደ ሰዉ ናት፤ አንድ ጥቁር እስክሪብቶ ገዝታ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ጠዋት ጠረጴዛው ሲከፈት በሩ ላይ ወታደር ቆሟል፣ መታወቂያዋ ፊቷ ተቀምጧል። መታወቂያው ላይ ያለው ፊርማ ከመማሯ በፊት የወጣ ነው። የጎረቤት ልጅ ካርቶን ላይ ጽፋላት እያየች የገለበጠቻቸው ሰባት ፊደላት ናቸው፣ እንደ አጥር እንጨት ተራርቀው የተተከሉ። በድንጋጤ በውጤት ወረቀቱ የመክፈቻ ሳጥን ላይ እነሱኑ ገለበጠች፣ በተሰጣት ሰማያዊ እስክሪብቶ። አመሻሽ ላይ ቆጠራው ሲያልቅ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ወረቀት አንድ በአንድ ገልጣ፣ ለሁሉም አሳይታ፣ አንብባ አስቆጥራለች። መሰላል ሁለት መቶ ሃያ ስድስት፣ ባዶ አራት፣ ደወል አንድ። ያቺን አንዷን ስትገልጥ የመንደሩ ሊቀ መንበር ዶን ታዴዎ የሰዉን ፊት በተራ ቃኘ። እሷ «ደወል፣ አንድ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ከዚያ በዚያው ወረቀት ግርጌ ውጤቱን መፈረም መጣ። ዋናው ይሄ ነው፣ ይሄስ መጥፋት የለበትም ብላ የራሷን ጥቁር እስክሪብቶ አወጣች። ደስ ብሏት ስለነበር ባለ ጅራቱን ፊርማዋን ልቅቅ አድርጋ ለቀቀችው። አንዲት ሴት፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ቀለም። ይህን ያየ የከተማ ጠበቃ ምን የሚል ይመስላችኋል?

መሰላሉ በመላ አገሪቱ በጥቂት ድምፅ ብቻ መራ። የደወሉ ሰዎች «ተሰረቅን» ብለው ተነሡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የኤውላሊያ ፊርማ በሊማ ስልኮች ላይ ሲዞር ሰንብቶ እሷ የሰማችው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ያውም ከገዛ ወንድሟ። የደወል ደጋፊ የነበረው ዊልበር ለቤተሰቡ ሁሉ የአንድ ውጤት ወረቀት ፎቶ ላከ። ሁለት ፊርማዎች በቀይ ተከበዋል፤ ከሥሩ «ሌቦቹን እዩ! ተራራ ላይ ሆነው አንዱ ለሌላው ይፈርማል። ቆጠራው ይሰረዝ፤ አለዚያ ወታደሩ ይግባና ያስተካክለው» ይላል። ዊልበር ሳያነብ ነበር ያስተላለፈው፤ ቢያነብማ የእህቱን ስም ያገኘው ነበር። ኤውላሊያ ግን አነበበች፣ ክው ብላ ቀረች።

ወዲያው ስልክ መታችለት። ስሙን እንዲያነብ ነገረችው። አነበበው። ያፍራል ብላ ስትጠብቅ ጭራሽ ጋለ፤ ሌቦቹ የእህቱን ስም ቀምተው ነገዱበት ብሎ።

«አንቺ መጻፍ አትችዪም እኮ» አላት።

«ተምሬያለሁ ዊልበር። ሁለቱም የኔ ናቸው።»

«ማን ነው እንዲህ በዪ ያለሽ?»

ይቺ ቃል ሆዷ ገባች። ስድብ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ከራሷ አንደበት የወጣውን ሰው ያስጠናት አድርጎ ነው የሰማው። ዊልበር ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ሊማ የገባ ጊዜ ደላላ በልቶታል፣ ፖሊስ በልቶታል፣ የባጃጅ ማኅበሩም ሊቀ መንበር በልቶታል። አሥር ጊዜ የተሞኘ ሰው በአሥራ አንደኛው እውነት ሲመጣለትም በሩን አይከፍትም። ከዚያማ «ሁሉም ሌባ ነው» የሚለው ሰው ብቻ ወዳጅ ይመስለዋል። የደወሉ ሰዎች የቺልካፓምፓ ጠረጴዛ ይሰረዝ ብለው ለምርጫ ችሎት አመልክተው ነበር፤ ዊልበርም በመጨረሻ ችሎቱ ፊት ቀርቦ እህቴ ፊደል አታውቅም ብሎ እንደሚመሰክርላት ነገራት። «እመሰክርልሻለሁ» ነው ያላት፤ «እመሰክርብሻለሁ» አላላትም። የደወሉ ጠበቆች ይህን ሲሰሙ የአውቶቡሱን ትኬት ራሳቸው ቆረጡለት።

መንደሩ ደግሞ የራሱን ወሬ ፈተለ። ኤውላሊያ ሆነ ብላ ነው ፊርማውን ያበላሸችው፣ በወንድሟ በኩል ተገዝታ ነው ተባለ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለሌላው ነው፣ የሶንቆ ልጆች ሁለቱም አንድ ናቸው ብለው አሾፉባት። በጉባኤው ላይ ዶን ታዴዎ ተነሥቶ፣ ጠረጴዛው ከተሰረዘ የሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ድምፅ ውኃ እንደሚበላው፣ ለሚቀጥለውም ምርጫ እንደ ድሮው በእግር እንደሚወርዱ ተናገረ። ይህን ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ለመሆኑ ያቺ አንዷ ደወል የማን ናት?»

«እኔ ድምፅ ነው የቆጠርኩት ዶን ታዴዎ፣ ሰው አልቆጠርኩም» አለችው። ጥቂቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

እንግዲህ ያለችበትን እዩልኝ። ችሎቱ ሳትሄድ ብትቀር ጠረጴዛው ይሰረዛል፤ ቢሰረዝ ደግሞ የሚጠቀመው እሷው የመረጠችው ደወል ነው። መቅረት ብቻ ይበቃት ነበር። ሰበብም አያጣም፤ ታመምኩ፣ መኪና አጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ይሄን አሰበች፣ አላሰብኩም ብላ አልዋሸችም። ነገር ግን እነዚያ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ ፊቷ ይመጡባት ጀመር። ማየት የተሳናቸው ዶኛ ብራውሊያ በልጅ ልጃቸው እየተመሩ መጥተው፣ በሰማንያ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በመንደራቸው የመረጡት። የተሳሳቱ መሰላት እንጂ የማይቆጠሩ አልመሰላትም። ስለዚህ ሄደች።

ችሎቱ ያለበት የክፍለ ሀገሩ ከተማ የደረሰችው በጭነት መኪና፣ ከዶን ታዴዎና ከሠላሳ የመንደሩ ሰዎች ጋር ነው። በመንገዱ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም። ዊልበር አዳራሹ በር ላይ ቆሟል፤ ወፍሯል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። አቅፏት አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። «አይዞሽ፣ ላወጣሽ ነው የመጣሁት» አላት። ከልቡ ነበር። የሚያቃጥለውም ከልቡ መሆኑ ነው።

ችሎቱን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር የምትመራው መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ዳኛ ነበረች። የደወሉ ጠበቃ ሁለቱን ፊርማዎች በትልቁ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ዊልበርን አስጠራ። ዊልበር የሚያውቀውን እውነት ተናገረ፤ ስለ አውራ ጣቷ፣ ስለ መሐረቡ። ቀጥሎም ድምፁ ተሰበረ።

«እህቴ ፊደል አታውቅም። ይህን ስናገር የማፍረው እኔ ነኝ፤ እሷ ያልተማረችው እኔ እንድማር ብላ ነው።»

ኤውላሊያ ይህን ቃል ከሱ አፍ ለመስማት ሠላሳ ዓመት ጠብቃለች። ሲመጣ እሷን ሐሰተኛ ለማስባል መጣ። ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና ተራዋን ጠበቀች።

ስትጠየቅ ምንም አላስቀረችም። የጠዋቱን ድንጋጤ፣ ከመታወቂያው የገለበጠችውን፣ የማታውን ደስታ ተናገረች። የቀለሙ ነገር ሲጠየቅ ሰማያዊው ይጠፋል የሚል ወሬ ሰምታ አምና እንደነበር፣ የሰዉ ድምፅ እንዳይጠፋ ብላ በራሷ እንደፈረመች ስትናገር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ሳቁ፤ እኔም ሞኝ ነበርኩ» አለች። «ወሬ ሰምቼ አመንኩ፤ ባላምን ኖሮ ዛሬ ወንድሜ የሚያምነው ወሬ ባልነበረ።» ዊልበር ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

ጠበቃው ቀላል ሰው አልነበረም። ፊርማ ማለት ሥዕል ነው፣ ለማንም በአንድ ሳምንት ማስጠናት ይቻላል፤ ታውቃለች ከተባለ እዚሁ ፊታችን ትጻፍ አለ። ዳኛዋ ወረቀት አስቀረበችላትና የፈለገችውን እንድትጽፍ ነገረቻት።

ምን ትጻፍ? ስሟን ብትጽፍ አጥንታዋለች ይላሉ። ጸሎት ብትጽፍም ያው ነው። ከኋላዋ ዶን ታዴዎ አንገቱን አስግጓል። ጎንበስ አለች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ፊደሏን አንድ በአንድ አስቀመጠች። ጊዜ ወሰደባት፤ ሁለት ቦታ ሰርዛ ደገመች። ስትጨርስ፣ ለወንድሟ የጻፈችው ስለሆነ ከዳኞቹ በቀር እሱ ብቻ እንዲያነበው ጠየቀች። ዳኛዋ አነበበችው፣ መነጽሯን አውልቃ ኤውላሊያን አየቻት፣ ለሁለቱ ባልደረቦቿ አሳየች። ከዚያ ለዊልበር ሰጠችው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ዊልበር፣ ያቺ አንዷ ደወል የኔ ናት። እዚህ ያሉት እንዳይሰሙ። ተሸንፌአለሁ፣ የቆጠርኩት ግን በትክክል ነው። እህትህ።»

ዊልበር አነበበ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበ። ጠበቃው እጁን ቢዘረጋለት ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ጽሕፈቱ የእህቴ ነው» አለ።

ጠበቃው ተቆጣ። የእህቱን ጽሕፈት በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ሰው በምን ለየው ሲል ጠየቀ።

«እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው አይጽፍልኝም» አለ ዊልበር። «ተሳስቻለሁ። ጠረጴዛው ደህና ነው።»

ዳኞቹ ብዙ አልቆዩም፤ የቺልካፓምፓ ድምፅ ጸና። የመንደሩ ሰው ኤውላሊያን ከቦ እያቀፈ አስጨነቃት፤ ሲመጡ ጀርባ የሰጧት ሴቶች ለመመለሻው ከሾፌሩ ጎን ቦታ ይዘውላት ነበር። ዶን ታዴዎ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃት። መሰላሉ አሸነፈ። እሷ ከፍቷታል፣ ልዋሻችሁ አልችልም፤ ሰውዬውን ዛሬም አታምነውም። ግን እስከሚቀጥለው ምርጫ አምስት ዓመት ነው፣ ጠብቄ ደግሜ እመርጣለሁ ትላለች፤ እስከዚያም ሰውዬውን ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

ወንድምና እህት ገበያው ውስጥ የበግ ሾርባ ይዘው ተቀመጡ። ዊልበር መረቁን ሲያማስል ቆየና፣ የሷስ ይሁን፣ ስለ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ግን ማን ያውቃል አለ። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

«እነዚያ ጠረጴዛዎች ላይም የተቀመጠችው የሆነ ሰው እህት ናት» አለችው። «ደውሎ የጠየቃት አለ?»

ማንኪያውን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። ሊማ ላሉት የደወል ወዳጆቹ ያ በቀይ የተከበበው ፊርማ የእህቱ መሆኑን፣ ስትጽፍ በዓይኑ ማየቱን፣ ሳያጣራ በማሰራጨቱም ማፈሩን ጻፈ። ወዲያው ስድብ ዘነበበት። አንዱ ስንት ከፈሉህ አለው፣ ሌላው ከሃዲ አለውና ከስልክ ቡድናቸው አስወጡት። ዊልበር ፊቱ ቀላ። ሾርባው በረደ። ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል አንድ መልእክት ለብቻው ገባ፣ ስሟን እንጂ መልኳን ከማያውቃት ሴት። አየና ለኤውላሊያ አቀበላት፤ እንደ ድሮው ሊያነብላት አልሞከረም። እሷ ጣቷን በፊደሎቹ ሥር እያስኬደች አነበበች፦ «የኔም አክስት ተራራው ላይ ጠረጴዛ ይዛ ስታስመርጥ ነበር። በዚሁ ሌብነት ወሬ ከተኮራረፍን ሦስት ሳምንት ሆነን። አሁን ልደውልላት ነው።»